የሬዲዮው ጥርስ

ጎንደር አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ «ቫልቮላ አላችሁ?» ብል፣ ልጁ መሳቢያውን ስቦ ስድስት ፊውዝ ደረደረልኝ። ጥፋቱ የጣሊያን ነው። እነሱ ቫልቮላ ሲሉ የሬዲዮውንም ቫልቭ የቤቱንም ፊውዝ ይጠሩበታል፤ እኛ ፊውዙን አስቀርተን ሌላውን ረሳነው። «የድሮ ሬዲዮ ውስጥ ቀይ የሚበራው፣ እንደ ብልቃጥ ያለው» ብዬ በእጄ ቅርፁን ሳሳየው፣ «እሱማ ከአያቴ ጋር ተቀብሯል» አለኝ። ፊውዝ ገዛሁ። እንዳያፍር ብዬ ነው፤ በኋላ ግን ሁሉንም አቃጥዬ ጨረስኳቸው።

ነገሩ የተጀመረው ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ሁለት ቫልቭ በካልሲ ጠቅልሎ ሲልክልኝ ነው። 2ኤ3 ይባላሉ፤ አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1933 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ዓይነት ናቸው። አንዱ ብቻውን የሚሰጠው ሦስት ተኩል ዋት ነው። እኛ ደባርቅ ገበያ ላይ ሦስት ተኩል ዋት ብትል ይስቁብሃል፣ የሰርግ ድንኳኑ ስፒከር ሺህ ምናምን ተጽፎበታል። እኔ ግን ድምፁ ሌላ ነው ሲባል ሰምቼ ልቤ ጠፍቷል። አምፕሊፋየር ልሠራባቸው ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ለትራንስፎርመር አወጣሁ፣ ሻሲውን ከቆርቆሮ ቀጠቀጥኩ፣ አንዱን ቫልቭ ሰክቼ ሌላውን ለመጠባበቂያ አስቀመጥኩ።

ያላሰብኩት ድራይቨሩን ነው። ስልኬ የሚያወጣው ከአንድ ቮልት ያነሰ ምልክት ነው። 2ኤ3 ደግሞ አቅሙን አውጥቶ እንዲሠራ ወደ ላይም ወደ ታችም 45 ቮልት የሚወዘውዘው ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ቆሞ ያቺን ትንሽ ምልክት አሳድጎ ለትልቁ የሚያቀብል ሌላ ቫልቭ የግድ ነው። ስሙን ድራይቨር ብለውታል፤ እኔ ግን ሹፌሩ ሳይሆን ረዳቱ መስሎኝ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሂሳብ የሚሰበስበው፣ ማንም ቢሆን ይሠራዋል አልኩ።

የአክስቴ ልጅ በምርቃት የላከልኝ አንድ ኢሲሲ82 ነበር። እሱን ሰካሁት። ምልክቱን አሥራ አራት እጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ድምፁ የምንጭ ውኃ ነው። ግን አይሰማም። አሥራ አራት እጥፍ አድርጎ ከ45ቱ ቮልት የሚደርሰው ሲሶው ላይ ነው፣ የቮልት ሲሶ ደግሞ የኃይል ሲሶ አይደለም፣ አንድ ዘጠነኛ ነው። እናቴ ቡና እየቆላች ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ «ልጄ፣ የስልክህ ይሻል ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ 2ኤ3 ዘረጋችና፣ «ምድጃ ከሆነስ ጥሩ ነው» ብላ መሞቅ ጀመረች። እውነቷን ነው፤ ከሃያ ዋት በላይ ሙቀት ይተፋል፣ ደባርቅም ከባሕር ወለል 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት።

ጎንደር የወረድኩት ያኔ ነው፤ ፊውዝ ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ሰረቅሁ። አባቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያለው የቫልቭ ፊሊፕስ አለ፣ ሳሎን ጥግ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ። አባቴ ገበያ በወጣ ጊዜ የጀርባውን ካርቶን በካቻቢቴ ፈትቼ ኢኤቢሲ80 የምትባለውን ነቀልኳት። አውራ ጣት የምታክል፣ ዘጠኝ እግር ያላት፣ በአንድ ብልቃጥ ሦስት ዳዮድና አንድ ትራዮድ የታጨቁባት ናት። እኔ የምፈልገው ትራዮዷን ነው፤ በወረቀት ላይ ሰባ እጥፍ ታሳድጋለች። ዳዮዶቿ ግን ለሬዲዮው ጆሮ ናቸው፤ ያለ እነሱ ጣቢያውን ቢይዝም ቃሉን አይለይም። ይህን አውቅ ነበር።

አለማየሁ እሸቴን ከፈትኩ፣ አምሃ ሪከርድስ ከተቋቋመበት ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲያ ካወጣቸው አንዱን። ጮኸ! ጎረቤት ሰማ። ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን በዝግታ የሚዘፍን ሰው ከፈትኩና እሱም እንደ አለማየሁ አጓራ። ለካ ማጓራቱ ግማሹ የአምፕሊፋየሩ ነበር። ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ይጠራል፣ ከፍ ሳደርገው ጥሩምባው እንደ ተቀደደ ጆንያ ይሆናል። ሌላ ካፓሲተር ቀየርኩ፣ ሽቦ አሳጠርኩ፣ አንዴም ማብሪያውን አጥፍቻለሁ ብዬ እጄን ስሰድ ካፓሲተሩ ያቆየልኝ 300 ቮልት ክንዴን እስከ ትከሻዬ መታኝ። እናቴ በስመአብ ብላ ቡናውን ደፋችው።

ማታ ጎረቤታችን መጣ፤ የቱሪስት ዕቃ ከደባርቅ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር ግጭ በበቅሎ የሚያደርስ ሰው ነው። ምሬቴን አወረድኩበት፦ አንዷ ድምጿ ያምራል ግን አቅም የላትም፣ ሌላይቱ ታሳድጋለች ግን ስትገፋ ታጓራለች፣ ሦስተኛ ልፈልግ ነው። ቡናውን ፉት አለና፣ «ስትቀያይር የከረምከው በቅሎዋን ነው። ጭነቱን አይተኸዋል?» አለኝ።

ስለ ቫልቭ የሚያውቀው ነገር የለም። ግን ከሄደ በኋላ የ2ኤ3ን ሰንጠረዥ አውጥቼ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ የሠራሁት ባያሱን፣ ማለትም ቫልቩ ያለ ምልክት የሚቆምበትን የ45 ቮልት መነሻ፣ ከውጭ አምጥቼ ቋሚ አድርጌ ነው። እንዲህ ሲሆን ምልክቱ በሚገባበት በግሪዱ መንገድ ላይ ያለው ሬዚስተር ከ50 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም ይላል። በዚህ ሙያ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጭነቱ ይከብዳል። ሚስኪኗ ኢኤቢሲ80 የራሷ ውስጣዊ ተቃውሞ 58 ኪሎ ኦም ገደማ ሆኖ ሃምሳውን ጭኜባት፣ ሰባ እጥፍ የተባለችው ሃያ አምስት ላይ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ ቫልቩ ባያሱን ራሱ እንዲያበጅ ከተደረገ እስከ 500 ኪሎ ኦም ይፈቀዳል ይላል። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ በዓይኔ አልፌያታለሁ!

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከፍላመንቱ ወደ ሻሲው 750 ኦም ሬዚስተር በየድኩ፤ 60 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 45 ቮልቱ በራሱ ይመጣል። ለዚህ የሚሠዋው 45 ቮልት አለኝ ወይ ብዬ ሳሰላ፣ ትራንስፎርመሩ የሚሰጠኝ 300 ሆኖ ትርፉን 50 ቮልት ለካ በሌላ ሬዚስተር ሳቃጥለው ነው የኖርኩት። በ50 ኪሎ ኦሙ ቦታ 470 አስገባሁ። ያቺው ኢኤቢሲ80 አርባ እጥፍ ገባች። አለማየሁ አጓራ፤ በዝግታ የሚዘፍነው ግን በዝግታ ዘፈነ።

አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ጀርመን ይጨነቃል። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመረበት ከ1965 እ.ኤ.አ. አንስቶ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ፊሊፕሱ ፊት ይቀመጣል። «ጀርመን ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «ጉሙ ነው አባባ» አልኩት። በማግስቱም ጉም ነው። በሦስተኛው ምሽት ሰማዩ ጥርት አለ፤ አባቴ ምንም ሳይናገር ሬዲዮውን ወደ ግድግዳው አዞረና ጀርባውን በባትሪ አየው። «የፊት ጥርሱን ማን ነው ያወለቀው?»

ስምምነታችን እንዲህ ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቫልቯን ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ ፊሊፕሱ ላይ እሰካለሁ። ዜናው ሲያልቅ ቶሎ ትመለስልኛለች። ሰሞኑን አባቴ ራሱ ነቅሎ ያመጣልኛል፣ ትኩሷን በጋቢው ጫፍ ይዞ። ትናንት ማታ ብርሃን ላይ ሳያት አንዷ እግሯ መወላገድ ጀምራለች። በፒንሳ ቀስ አድርጌ አቃናኋት።