ምናኔ ዘአሐቲ ዕለት፤ ብቻን ሐይቅ ዳር ስለ መዋል የተደረገ ምርመራ

የቀደሙ ጸሐፊዎቻችን ስለ ምናኔ ሲጽፉ፣ መናኙ ዓለምን ንቆ ወደ በረሃ ሲወርድ ግርማ ሌሊቱንና ድምፀ አራዊቱን እንዴት እንደ ታገሠ አንድ በአንድ ዘርዝረው ሳለ፣ በእሑድ ማለዳ ቃሊቲ መናኸሪያ ተሰልፎ ወደ ቢሾፍቱ የሚሳፈረውን፣ ሐይቅ ዳር ብቻውን ተቀምጦ የሚውለውንና ለእራት ቤቱ የሚመለሰውን የአንድ ቀን መናኝ ግን አንዲት መስመር እንኳ ሳይሰጡት ማለፋቸው ለዕውቀት ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይኖራል። ይህ ሰው ከአለቃው፣ ከዕቁቡ፣ ከልጆቹና ከስልኩ ደወል ለአንዲት ዕለት ተለይቶ አእምሮውን ሊያሳርፍ የወጣ ነውና፣ ሐሳቡ ተፈጽሞለት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ መመርመር ይገባል።

የምርመራው ስፍራ ቢሾፍቱ ነው። ጣናን መምረጥ በተቻለ ነበር፤ ዳሩ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣና ዳር ውሎ በዕለቱ የሚመለስ ሰው መናኝ ሳይሆን የአውሮፕላን መንገደኛ ነው። ቢሾፍቱ ግን ከመዲናይቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ሆራን፣ ባቦጋያን፣ በስሙ የሚጠራውን ቢሾፍቱ ሐይቅንና ሌሎችንም በአንድ ከተማ ዙሪያ አሰባስቦ ስለያዘ፣ ብቸኝነትን የሚሻ ሰው አንዱ ሐይቅ በሰው ቢሞላበት ወደ ሌላው ተሻግሮ ያንንም ሞልቶ ለማግኘት ይችላል። ደግሞም እነዚህ ሐይቆች የተፈጠሩት በጸጥታ እንዳልሆነ ማስታወስ ያሻል፤ ከምድር ሥር ወደ ላይ የወጣው ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ምድሩን ፈንቅሎ ጣለው፤ በተከፈተውም ጉድጓድ ውስጥ ከብዙ ዘመን በኋላ ውኃ ተጠራቀመበት። እንግዲህ በየእሑዱ መንፈሱን ሊያረጋጋ የሚመጣው ሕዝብ ወንበሩን የሚያስቀምጠው በጥንት ፍንዳታዎች ከንፈር ላይ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ግን በመናኸሪያ ሳይሆን በዋዜማው በቤተሰብ ፊት ነው። «ነገ ብቻዬን ሐይቅ ዳር ልውል ነው» የሚለው ቃል በአፍ ሲናገሩት ቀላል መስሎ ሳለ፣ ሰሚው ግን እንደ ጎንደር መምህራን አንድም እያለ ያመሠጥረዋል። አንድም፣ ታሟል፣ ደብቆናል። አንድም፣ ከሥራው ተሰናብቷል። አንድም፣ ከሚስቱ ተኳርፏል፤ አንድም አልተኳረፈም፣ የምታኳርፈው ግን እዚያ ትጠብቀዋለች። አንድም፣ መሬት ሊገዛ ነው፣ ዘመድ እንዳይሰማበት ነው። «አንድም፣ ደክሞት ሊያርፍ ነው» የሚለውን ትርጓሜ ያመጣ ሊቅ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ተጓዧ ሴት እንደሆነች ትርጓሜው ከቤት ወጥቶ በጎረቤትና በማኅበር ስለሚመላለስ፣ ሁሉን እጽፋለሁ ቢሉ ብራናው አይበቃም። በመጨረሻም እናት ጉዳዩን በርኅራኄ ይፈቱታል፤ «ታናሽ ወንድምህን ይዘኸው ሂድ፣ እሱም ከቤት ውሎ ተሰላችቷል» ይሉታል።

ይህ ማለት ብቸኝነት በአገራችን ክብር የለውም ማለት አይደለም። ሱባዔ ልገባ ነው፣ ወይም ጠበል ልሄድ ነው ያለውን ሰው ማንም አይመረምረውም፤ እንዲያውም ስንቅ ቋጥሮ፣ «በጸሎትህ አስበን» ብሎ ይሸኘዋል። ከቢሾፍቱ ከፍታ ላይ ሆነው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመለከቱ የሚታየው የዝቋላ ተራራ ለዚህ ምስክር ነው፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዚያ ተራራ ራስ ላይ በሚገኘው ሐይቅ ውስጥ ተዘቅዝቀው 100 ዓመት ስለ ኢትዮጵያ እንደ ጸለዩ ይተረካል። የዘመናችን መናኝ ከ3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያውም በተደገፈ ወንበር ላይ የሚቆይ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማወዳደር ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ ምርመራ የሚጠቅም አንድ ነገር በዚያው ትረካ ውስጥ አለ፤ ይኸውም ጻድቁን 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተሏቸው እንደነበር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት በተቀመጡበት ቤት ስም ፌርፊልድ ብለው የሰየሙት የቢሾፍቱ ማረፊያ ቢኖራቸው፣ ወደዚያ ሲወርዱ አጀቡ አብሮ ይወርድ ነበር። ከጻድቅ እስከ ንጉሥ ያለ ተከታይ ሐይቅ ዳር የዋለ ከሌለ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሥርዓት ልሽር ብሎ መነሣቱ በምን ሥልጣን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የሚጠይቀውም አስተናጋጁ ነው። በሐይቅ ዳር ያሉ ምግብ ቤቶች ጠረጴዛቸው ለአራትና ለስድስት ሰው የተሰናዳ በመሆኑ፣ ብቻውን የመጣ ሰው ገና ሲቀመጥ ሦስት ባዶ ወንበሮች ዙሪያውን ከበው ይመሰክሩበታል። አስተናጋጁ ቀርቦ «ስንት ናችሁ?» ይላል። «አንድ ነኝ።» «ሰው ይመጣል?» «አይመጣም።» ወጣቱ ጥቂት አሰብ ያደርግና በፍጹም ትሕትና፣ «እሺ፣ እስኪመጡ ድረስ ምን ላምጣ?» ይላል። ይህን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ከመጽሐፍ ስለ አዳም ብቸኝነት የተነገረው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። አምቦ ውኃ ሲያመጣም ሁለት ብርጭቆ ያቀርባል፤ እንግዳው ቢዘገይ እንኳ ብርጭቆው ቀድሞ ቢገኝ ነውር የለበትምና።

የተጠበሰ ቆሮሶ ከነጭንቅላቱ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር በቀረበ ጊዜ ደግሞ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል። በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ የክርስትና ድግሳቸውን የሚያከብሩ ቤተሰቦች፣ ሰውየው ዓሣውን በዝምታ ሲፈለፍል አይተው ዝም ቢሉ ኃጢአት እንደሚሆንባቸው ስለሚያውቁ፣ በመጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በእጅ፣ በመጨረሻም በአያት ድምፅ «ልጄ፣ ኧረ ብቻህን አትብላ!» ይሉታል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ተጨማሪ ማስፈራሪያ ሆኖ ከኋላ ስለቆመ፣ መናኙ ሳህኑን ይዞ ከመነሣት በቀር ምርጫ የለውም። ከእኒህ ሰዎች ጋር ሲውል የልጁን የክርስትና ስም፣ የአባትየውን የሥራ ዝውውርና የአያትየዋን የጉልበት ሕመም ተምሮ፣ ከእጃቸው ሦስት ጉርሻ ተቀብሎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ጉርሻ አንድ ሆኖ ያጣላል ስለሚባል፣ ሦስቱን ሁሉ መጉረስ ግዴታ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብቸኛ ሰው ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ይገለጣል። እሑድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው፣ ወጣቶች ከነጓደኞቻቸው ለፎቶግራፍ ወደ ውኃው ዳር ስለሚወርዱ፣ በየቡድኑም ሁሉም ሰው ከሥዕሉ ውስጥ መግባት ስለሚፈልግ፣ ስልኩን የሚይዝ ሰው ሲታጣ ዓይን ሁሉ ከማንም ወገን ወዳልሆነው ሰው ይመለሳል። መናኙም ተነሥቶ ያነሣል፤ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሐይቁ እንዲገባ፣ አንዴ ደግሞ በቁሙ፣ አንዴ በወርዱ። በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ሰው በስንት ቤተሰብ አልበም ሳይታይ እንደሚኖር መገመት ይቻላል።

የራሱን ስልክ በሚመለከት ግን ነገሩ የከፋ ነው። ደወሉን ዘግቶ የመጣው ሰው፣ ጸጥታ ማግኘቱን ለወዳጆቹ ማብሰር እንደሚገባው ስለሚሰማው፣ ጠረጴዛውንና ከኋላው ያለውን ውኃ አንሥቶ «ብቻዬን፣ በሰላም» የሚል ቃል ጨምሮበት ይለቀዋል። ወዳጆቹም ውኃውን አያዩም። ሥዕሉን በጣታቸው አስፍተው፣ አስተናጋጁ በትሕትና ያስቀመጠውን ሁለተኛውን ብርጭቆ ያያሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ የሚደርሰው መልእክት ሁሉ ስለዚያ ብርጭቆ ባለቤት ማንነት ሲሆን፣ ተጓዡም ዕረፍቱን የሚፈጽመው ያልተጠጣበትን ብርጭቆ ነጻ ሲያወጣ ነው።

ሐይቁ ራሱም እንደሚታየው ያረፈ አይደለም። ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ ዙሪያውን የከበበው ገደል ነፋሱን ስለሚመክትለት፣ የላዩ ውኃና የታችኛው ውኃ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ፤ ከሥር ያለውም ኦክስጅን ያጣል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ግን የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፣ የታችኛውም ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ዓሦች ትንፋሽ አጥሯቸው በብዛት ማለቃቸው በእነዚህ ሐይቆች ታይቷል። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ከልቤ ሥር የተቀመጠውን ሁሉ አወጣለሁ ብሎ በጥር ወር ለሚመጣ ሰው ይህን አስቀድሞ መንገር ደግነት ይመስለኛል።

ታዲያ ዕረፍቱ የት ተገኘ? ከዱከም ወዲህ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ ላይ ተገኘ፤ ያውም በሚኒባሱ የኋላ ወንበር፣ ለሦስት በተሠራው ስፍራ አራተኛ ሆኖ ተጣቦ። በግራው ዶሮ በዘንቢል የያዙ ወይዘሮ፣ በቀኙ አንድ ወታደር ተቀምጠው ሳለ፣ ወይዘሮዋ ከወታደሩ ጋር የመጣ መስሏቸው፣ ወታደሩም የወይዘሮዋ ልጅ መስሎት፣ ብቻህን ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ይጠፋል። ረዳቱ ብቻ ሒሳብ ሲሰበስብ «የስንት ሰው?» ይላል፤ «የአንድ» ሲባልም ያለ አንዳች ሐዘን መልሱን ቆጥሮ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የመናኙ ራስ ወደ ወታደሩ ትከሻ ያዘነብላል፤ መኪናውም ቢቆም፣ ዶሮውም ቢጮህ፣ ሹፌሩም ከሌላ ሹፌር ጋር ቢሰዳደብ አይነቃም። ለዚህ ዓይነቱ ዕረፍት ሐይቁ ምን ያህል እንዳስፈለገ፣ ወይስ ከቃሊቲ ተሳፍሮ ዱከም ደርሶ መመለስ ብቻ ይበቃ እንደነበር፣ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ነገሩ ይሰማል። «ከማን ጋር ሄድክ?» ለሚለው ጥያቄ «ብቻዬን» የሚል መልስ በተሰጠ ጊዜ ባልደረቦቹ እርስ በርሳቸው ይተያዩና፣ እንዲህ ያለ ኀዘን በመካከላቸው ሲደርስ ሳያውቁ መቅረታቸው ይቆጫቸዋል። ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ገንዘብ ያዥነቱም ቦታውን ስለሚያውቀው በሙሉ ድምፅ ለመናኙ ይሰጣል። መዋጮው ለነጠላና ለባለትዳር እኩል ይሁን አይሁን፣ በጉ ከአዲስ አበባ ይነዳ ወይስ ከዚያው ይገዛ፣ ጾም የያዙት ሰዎች ዓሣውን ይቆጥሩታል ወይስ አይቆጥሩትም በሚሉት ነጥቦች ላይ ሰፊ ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ አውቶቡስ እንዲከራይና ልክ በ12 ሰዓት እንዲነሣ ይወሰናል። ከመዝጊያው በፊት አንድ አባል እጃቸውን አንሥተው፣ ያ ባለፈው ብቻውን ተቀምጦበት የዋለው ስፍራ 40 ሰው ይይዝ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም በአስቸኳይ ተጣርቶ እንዲቀርብ ለገንዘብ ያዡ ይመራል።