ዐሥር ወደብ በዐሥር ሌሊት

የባሕር ዳርቻ ከተሞችንና ደሴቶችን በአንድ ዕረፍት አሰናስሎ የመጎብኘት ልማድ በዘመናችን ከሽርሽርነት አልፎ ወደ ረቂቅ የሒሳብ ጥበብ አድጓል። የጥበቡ ዐቢይ ሰነድ መርሐ ጉዞ ይባላል፤ ይኸውም መንገደኛው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ወደብ እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚወስን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤክሴል ተሠርቶ በየረድፉ ቀለም የሚቀባ ሠንጠረዥ ነው። በዚህ ጥበብ ለተካነ ሰው ባሕር ማለት በሁለት ረድፎች መካከል ያለ ክፍት ቦታ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚኖርበት፣ ዓሣ የሚጠመድበትና ወይራ የሚለቀምበት ደሴትም «ታይቷል» የሚል ምልክት እስኪደረግበት ድረስ ብቻ የሚታሰብ ትንሽ ሣጥን ነው።

የጥበቡን ምጥቀት ለመረዳት ከቬኒስ ተነሥቶ በአድርያቲክና በኤጂያን ባሕሮች በኩል ሳንቶሪኒ ላይ የሚያበቃውን ዕቅድ መመልከት ይበቃል። ቬኒስ በዝናዋ ምክንያት ሁለት ሌሊት ይፈቀድላታል፤ የክሮኤሽያዎቹ ስፕሊት፣ ህቫር፣ ኮርቹላና ዱብሮቭኒክ አንድ አንድ ሌሊት ይደርሳቸዋል፤ የሞንቴኔግሮዋ ኮቶር የምሳ ሰዓት ትመደብላታለች፤ የግሪኮቹ ኮርፉ፣ አቴንስ፣ ሚኮኖስና ሳንቶሪኒም እንደ ክሮኤሽያዎቹ አንድ አንድ ሌሊት ይታደላቸዋል። ሆቴሎች በአብዛኛው ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ክፍል የሚያስለቅቁና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እንግዳ የማያስገቡ በመሆናቸው፣ ይህን ዕቅድ የሚፈጽም ሰው የዕረፍቱን ምርጥ ሰዓታት የሚያሳልፈው ሻንጣ እየጎተተ ወይም ሻንጣ የሚያስቀምጥለት እየለመነ ነው። እንዲያም ሆኖ ከዕረፍት ተመለሰ ይባላል።

የዕቅድ ሊቁ ዋና መሣሪያ ካርታ ሲሆን ካርታውም ሳያፍር ይዋሸዋል። ኮርፉና ሳንቶሪኒ ሁለቱም የግሪክ ደሴቶች በመሆናቸው ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ኮርፉ በምዕራብ በአዮኒያን ባሕር፣ ሳንቶሪኒ ደግሞ በምሥራቅ በኤጂያን ባሕር ውስጥ ስለሚገኙ የአገሪቱ ዋና ምድር በመካከላቸው ተጋድሟል። መርከቦቹም በቅድሚያ የተሠማሩት ደሴተኛውን ከሐኪሙ፣ ከገበያውና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ጋር ለማገናኘት ስለሆነ፣ የኤጂያኑ ዋና መሥመር ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ፣ የኮርፉው ደግሞ ከኢጉሜኒትሳ ይነሣል፤ ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ ለመድረስ ትልቁ መርከብ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከኮቶር ወደ ኮርፉ ለመሻገር ደግሞ አልባኒያን ከሰሜን እስከ ደቡብ በመኪና አቋርጦ ከሳራንዳ ጀልባ መሳፈር ወይም በአውሮፕላን መዞር ሲያስፈልግ፣ ሠንጠረዡ ይህን ሁሉ መከራ «ዝውውር» በሚል አንድ ግራጫ ረድፍ ይገላገለዋል። በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ላይ መልተሚ የተባለ ብርቱ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፤ ነፋሱ ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦች እንዳይነሡ ያግዳሉ፣ ካታማራን የሚባሉት ጥንድ ቀፎ ያላቸው ፈጣን ጀልባዎችም ከትላልቆቹ መርከቦች ቀድመው ሥራ ያቆማሉ። ሠንጠረዡ ለነፋስ የተለየ ረድፍ የለውም፤ ነፋሱም ሠንጠረዡን አላነበበውም።

ወደብ የመጨመር ፍቅር ግን አዲስ ነው ብሎ የዘመኑን ሰው ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተመዘገበው፣ ጳውሎስ በእስር ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቧ በቀርጤስ «መልካም ወደብ» በተባለ ስፍራ ቆማ ነበር፤ እርሱ ጉዞው በዚያ ወራት አደገኛ መሆኑን ቢያስጠነቅቅም፣ የመቶ አለቃው ከእስረኛው ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት አምኖ፣ ክረምቱን ለማሳለፍ የተሻለ ነው የተባለውን ሌላ ወደብ ፍለጋ አስነሣት። ስሙ መልካም የሆነ ወደብ ያልበቃቸው 276 ሰዎች እስከ ዐሥራ አራተኛው ሌሊት ድረስ በአድርያ ባሕር ከተንገላቱ በኋላ መርከባቸው ተሰብሮ በመላጥያ ደሴት፣ ዛሬ ማልታ በምትባለው፣ ሦስት ወር ተቀመጡ። የዛሬው ሊቅ ይህን ታሪክ ቢመረምር ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው የመርከቡ መሰበር ሳይሆን በአንድ ደሴት የባከነው ሦስት ወር እንደሚሆን አያጠራጥርም።

በቆይታ ረገድ ከሁሉ የምትደንቀው ዱብሮቭኒክ ናት። ከተማይቱ እስከ 1808 እ.ኤ.አ. ድረስ ራጉሳ በሚል ስም ራሷን የምታስተዳድር የነጋዴዎች ሪፐብሊክ የነበረች ሲሆን፣ በ1377 እ.ኤ.አ. ታላቁ ምክር ቤቷ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ በአቅራቢያዋ ባለችው በምርካን ደሴት ወይም በጻቭታት 30 ቀን ሳይቆይ በሯን እንዳይረግጥ ደነገገ፤ ይህም በኮሮና ዘመን «ወሸባ» ተብሎ በሁሉ ቤት የገባው ሥርዓት ከሁሉ ቀደምት ከሆኑት ሕጎች አንዱ ነው። ያኔ እንግዳ ወደ ከተማይቱ ለመግባት አንድ ወር መቆየት ነበረበት፤ ዛሬ ግን የሽርሽር መርከብ ማለዳ አራግፎት ከመምሸቱ በፊት መልሶ ይጭነዋል፤ በመሐሉም ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ቅጥር ላይ ይጋፋል፣ ከዚያም ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለው ተከታታይ ፊልም በተቀረጸበት ደረጃ ላይ ፎቶ ይነሣል። በ1667 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈራረሳት፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የተከበበችና በመድፍ የተደበደበች ከተማ ጎብኚዎቿ በብዛት የሚጠይቋት ከቶ ስላልነበረች የልብ ወለድ ከተማ መሆኑ፣ ለዕቅድ ጥበብ ታላቅ ድል ነው።

ከስፕሊት የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ለሊቁ እጅግ አሳፋሪ ስለሆነ ከሠንጠረዡ መውጣት ይኖርበታል። በስንክሳር የሰማዕታት አሳዳጅነቱ የሚታወቀው የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ305 እ.ኤ.አ. በፈቃዱ ሥልጣኑን ለቆ የገባው በዚሁ ከተማ ባሠራው ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ ሲለመን የተከለውን ጎመን አስበልጦ እንቢ ማለቱ ይተረካል። በጭካኔው የሚወገዝ ሰው ቢሆንም «ጎመን በጤና» የሚለውን ብሂል ሳይሰማው በተግባር ኖሮበታል፤ መላውን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሲገዛ የነበረ ሰው ለአንዲት ወደብ ዕድሜውን ሲሰጥ፣ የሁለት ሳምንት ፈቃድ በልመና ያገኘ ሠራተኛ ያችኑ ወደብ በአንድ ከሰዓት ያጠናቅቃታል።

የነዋሪዎች ጉዳይ በዕቅድ ጥበብ ውስጥ ስለማይታወቅ በዚህ ጽሑፍም በአጭሩ ይታለፋል። የቬኒስ ጥንታዊ ከተማ በ1951 እ.ኤ.አ. ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ የነበራት ሲሆን፣ ቁጥሩ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወርዷል። ወደ 15 ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት ሳንቶሪኒ በበኩሏ በሽርሽር መርከብ የሚመጡት በቀን ከ8,000 እንዳይበልጡ ከ2025 ጀምሮ ገደብ አውጥታለች፤ ከሕዝቧ ግማሽ የሚበልጥ እንግዳ በየቀኑ መቀበል ለእርሷ እፎይታ ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ይህ ሠንጠረዥ እንዳለ ተገልብጦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ሲሰጥ ጥበቡ ፍጹምነቱን ያሳያል። ጣሊያን፣ ክሮኤሽያና ግሪክ የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው አገሮች ማኅበር አባላት ናቸው፤ ደንቡም ማመልከቻ ብዙ ለሚቆዩበት አገር እንዲቀርብ፣ መለየት ካልተቻለ ግን በቅድሚያ ለሚገቡበት እንዲሆን ያዝዛል። ክሮኤሽያ አራት፣ ግሪክም አራት ሌሊት ስላላቸው ጉዳዩ ሁለት ሌሊት ብቻ በተሰጣት በጣሊያን ቆንስላ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትን አግዷል፤ ሞንቴኔግሮ ደግሞ የሼንገን አባል አይደለችም። ስለዚህ ኮቶር ላይ ምሳውን የበላ መንገደኛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባው ቪዛው እዚያው ያበቃል፤ ቀሪዎቹን አራት ወደቦች ለማየት አዲስ ማመልከቻ ያስፈልገዋል። በዚያው ውሳኔ መሠረት የማመልከቻ መልስ መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ራጉሳ በ1377 ከወረርሽኝ አገር የመጣውን እንግዳ ካቆየችበት በ15 ቀን ይበልጣል።