ተከፍቶ የመመለስ ሙያ

ሙዚቃ ለመስማት ብሎ ኮንሰርት የሚገባ ሰው ያሳዝነኛል። ትኬት ይቆርጣል፣ ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፤ አለቀ። እንዲህ ያለው የዋህ የ«የስ» ደጋፊ ሊሆን አይችልም። ይህ የእንግሊዝ ፕሮግረሲቭ ሮክ አንጋፋ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ውስጥ ከተመሠረተ ወዲህ ለዓለም ያበረከተው ሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ ተከፍቶ መመለስን ሙያ አድርጎ የያዘ ታዳሚም አፍርቷል።

የሙያው ሀ ሁ ቆጠራ ነው። ጥሩ ደጋፊ የመድረኩ መብራት ሲበራ ማን እንደመጣ አያይም፤ ማን እንደጎደለ ያያል። ባንዱም በዚህ በኩል አያሳፍረውም። ከአምስቱ መሥራቾች ዛሬ አንድም የለ። ድምፃዊው ጆን አንደርሰን በ2008 ከታመመ ወዲህ ወደ ባንዱ አልተመለሰም፤ ቤዝ ጊታሪስቱ ክሪስ ስኳየር በ2015 አረፈ፤ ከ1972 ጀምሮ ከበሮውን የያዘው አለን ዋይትም በ2022 ተከተለው። የድሮ ሰው የሚባለው በ1970 የገባው ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃው ነው። እሱም ቢሆን መሥራች አይደለም። ይህችን ነጥብ ባያውቁም ግድ የለም፤ ሙዚቃው ልብዎን ሊወስደው ሲል ከጎንዎ የተቀመጠው ሰው በጆሮዎ ይነግርዎታል።

ከቆጠራው በኋላ ጎራ መለየት ይመጣል። አንዱ «ያለ አንደርሰን የስ የለም» ይላል፤ ሌላው «ሃው ካለ የስ አለ» ብሎ ይምላል። በመሃል የሚፈጀው ከ2012 ጀምሮ የሚዘፍነው ጆን ዴቪሰን ነው። ድምፁ አንደርሰንን ሲመስል «አስመሳይ» ይባላል፤ ሳይመስል ሲቀር «ባዕድ»። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ሰውዬው አንደርሰንን ሳይመስል አንደርሰንን ቢመስል ሁሉም ደስ ይለዋል።

ሙያው የሚረቀው ግን ፍጥነት ላይ ነው። በ1972 የተቀዳው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» አንዱ ዘፈን ብቻ 19 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሃው ያኔ 25 ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሰማንያን እየተጠጋ ነው። እስቲ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉትን ሰውዬ ይመልከቱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ወንበራቸው ለመድረስ ሁለቴ አርፈዋል። ዘፈኑ ሲጀመር ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ይይዛሉ። ዓይናቸው ከቁጥሩ አይነቀልም። ኦርጋኑ አዳራሹን ሲያናውጠው ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው «አዘግመውታል» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ከ1972 ወዲህ ምን ያህል እንደፈጠኑ የሚጠይቃቸው የለም። በደጋፊዎች ሕግ ማርጀት የሚፈቀደው ለታዳሚው ብቻ ነው።

ቢያፈጥኑትስ? «ለመጨረስ ይሮጣሉ፣ ነፍስ የለውም» ይባላል። ልክ እንደ አልበሙ ቢጫወቱት «ሸክላ ለመስማትማ ቤቴ ቁጭ አልልም ነበር?»፤ አንዲት ኖታ ቢለውጡ ደግሞ «ማን ፈቀደላቸው?»።

ያ ቅዱስ ሸክላ እንዴት እንደተሠራ ማንሳት በዚህ ሰፈር ነውር ነው። ባንዱ ዘፈኑን በአንድ ትንፋሽ ተጫውቶ አልቀዳውም፤ ጥቂት ጥቂት እየቀዳ ቴፑን እየቆረጠ ቀጣጠለው እንጂ። እንዲያውም በስህተት የተጣለ የቴፕ ቁራጭ ከቆሻሻ ውስጥ ተፈልጎ እንደወጣ የያኔው ከበሮ መቺ ቢል ብሩፎርድ ያወሳል። ዛሬ ሽማግሌው ሃው ከባልደረቦቹ ጋር፣ ያለ መቀስና ያለ ቆሻሻ በርሜል፣ ያንኑ ዳገት ከታች እስከ ላይ አንዴ ሲወጣው የሚጠብቀው ክስ ነው፦ ዘገየህ።

ድሮ ጥፋት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ1973 ባንዱ «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» የተባለውን፣ አራት ዘፈን ብቻ ያለበትን ድርብ አልበም ይዞ ሲዞር፣ ኪቦርዲስቱ ሪክ ዌክማን ማንችስተር ውስጥ መድረክ ላይ ካሪ በላ። ራሱ እየሳቀ የሚያወራው ታሪክ ነው፤ ምግቡን ኪቦርዶቹ ላይ ዘርግቶ፣ ጓደኞቹ እየተጫወቱ። ደጋፊው ይህን ሲተርክ ፊቱ በደስታ ይፈካል። ዛሬ ሃው በዘፈን መሃል አንድ ጉርሻ ቢያነሳ ግን አዳራሹ የትኬቱን ገንዘብ መልሱ የሚል ይመስለኛል።

የትሬቨር ሆርን ነገርማ አይወራ። በ1980 አንደርሰንን ተክቶ «ድራማ» የተባለውን አልበም ሲዘፍን፣ እንግሊዝ ውስጥ ቁጣና ጩኸት ተቀበለው። በ2016 ባንዱ ያንኑ አልበም ከዳር እስከ ዳር መድረክ ላይ ሲጫወተው ደግሞ አድናቆት ጎረፈለት፤ «የተናቀ ዕንቁ» ተባለ። ስለዚህ ዴቪሰን አይዞህ፤ 36 ዓመት ብትታገስ ይወዱሃል።

በ2017 አንደርሰን፣ ዌክማንና የባንዱ የቀድሞ ጊታሪስት ትሬቨር ራቢን የባንዱን ስም ከራሳቸው ስም ጋር አያይዘው መዞር ሲጀምሩ፣ ዓለም ለጥቂት ጊዜ ሁለት የስ ነበራት። ተራ ሰው «እሰይ፣ ሁለት ኮንሰርት!» ባለ ነበር። ደጋፊው ግን የሚከፋበት ቦታ በእጥፍ አደገለት። አንዱ ጋ ሄዶ ሃው ናፈቀው፤ ሌላው ጋ ሄዶ አንደርሰን።

ከዚያ ወዲህ አንደርሰን ዘ ባንድ ጊክስ ከተባሉ አሜሪካውያን ጋር የሰባዎቹን ረጃጅም ዘፈኖች ይዞ ተነሥቷል። እነሆ፣ ሰውዬው መጣ። ድምፁ በዚያ ዕድሜ ያስደንቃል፤ ልጆቹም ዘፈኖቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድደዋቸዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሰውዬ እዚህም አሉ። ሰዓታቸውን ያዙ፤ ልክ ሆነባቸው። ድምፁን አደመጡ፤ እሱም ልክ ሆነባቸው። እስከ ዕረፍቱ ድረስ ከፍቷቸው፣ የሚከፋቸው ነገር ጠፍቶባቸው ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በድንገት ፊታቸው በራ፤ ጎረቤታቸውንም በክርናቸው ጎሰም አደረጉና «ጥሩ ነው፣ አይከፋም» አሉ፤ «ግን ጊታሩ የሃው አይደለም እኮ!»