ክሯሳንቱ ይቀዝቅዝ፣ ፎቶው ይሙቅ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ፓሪስ ገብቼ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ የምጨምርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መልአኩ ስም ከማውጣቱ በፊት ፓስፖርት ያያል። ሽፋኑ ላይ የአሜሪካ ንስር ካለ «ኤክስፓት» ብሎ በወርቅ ቀለም ይጽፋል። ሌላ ከሆነ፣ ወይም ፓስፖርቱ ጭራሽ ባሕር ውስጥ ከቀረ፣ «ስደተኛ» ብሎ በእርሳስ ይሞነጭርና «ቀጣይ!» ይላል። ሁለቱም አገራቸውን ትተው መጥተዋል። ሁለቱም የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ይንከራተታሉ። ሁለቱም ገና «ቦንዡር» ከማለታቸው እንግድነታቸው ይታወቅባቸዋል። ግን አንዱ ኑሮን ሊያጣጥም መጣ ይባላል፤ ሌላው ኑሮ ሊያስወድድ።

«ፈረንጅ» የሚለው ቃላችን ሥሩ «ፍራንክ» ነው፤ ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችው ከእነዚሁ ፍራንኮች ነው። እንግዲህ የፈረንጅነት ምንጩ ላይ ተቀምጬ፣ ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡትን ሌሎቹን ፈረንጆች ባደንቅ ማንም አይፈርድብኝም።

የማደንቀው ከማጀት ሆኜ ነው። ፓንቴዮን ካለበት ኮረብታ ብዙ በማይርቅ አንድ ካፌ ዕቃ አጥባለሁ። እዚህ ሥራውን «ፕሎንዥ» ይሉታል። ቃሉ በፈረንሳይኛ ውኃ ውስጥ መጥለቅ ማለት ነው። ከሜዲትራኒያን ተርፎ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የሥራ መጠሪያ ከየት ይመጣል? ከማጠቢያ ገንዳው በላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የበረንዳውን ጠረጴዛዎች አያለሁ። የእኔ ኔትፍሊክስ እሷ ናት፤ ወርኃዊ ክፍያ የላትም።

ወይዘሪት ኤክስፓት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ስሟን ስለማላውቅ መልአኩ ባወጣላት እጠራታለሁ። ካፑቺኖና ክሯሳንት ታዛለች። ሳህኑ ሲቀርብ ሥነ ሥርዓቱ ይጀመራል። መጀመሪያ ሳህኑ ወደ ብርሃን ይገፋል፤ የስኳሩ ወረቀት እንዳይታይ ከጠረጴዛው ይነሣል። ቀጥሎ መጽሐፏ ይወጣና ከስኒው አጠገብ ትንሽ ገደድ ብሎ ይቀመጣል። መጽሐፉ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ነው፤ ዕልባቱ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ከላይ ወደ ታች ታነሣለች። አንድ ጊዜ ትገምጥና የተገመጠውን ወገን ወደ ስልኩ አዙራ ትደግማለች፤ ይህ ክሯሳንቱ እንደተበላ ለማስረዳት ነው። አንድ ቀን ሰዓት ይዤላት ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀች። ክሯሳንት ደግሞ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ አይጠብቅም፤ ልጡ መንኮሻኮሹን ይተውና እንደ ወለላ ያለው ቅቤው ይረጋል።

በመጨረሻ ሳህኑ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ጉርሻ የጎደለው ክሯሳንትና አረፋው ላይ የተሳለው ልብ ያልተነካ ካፑቺኖ። እናቴ ቤት ቡናው እንደ ሞላ የተመለሰ ስኒ የጠብ ምልክት ነበር፤ ሽማግሌ ያስልካል። እዚህ ግን ሰላም ነው። ካፑቺኖውን ገንዳ ውስጥ ደፍቼ ክሯሳንቱን ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ፤ ፎቶው ግን በዚያች ሰዓት አሜሪካ ደርሶ ትኩስ ትኩሱን እየተበላ ነው።

ይህን ሁሉ እሷ ፈጠረችው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔትፍሊክስ «ኤሚሊ በፓሪስ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ለቀቀ። ከቺካጎ የመጣች ወጣት ፈረንሳይኛ ሳትችል ፓሪስ ላይ ትሠራለች፣ ትዋደዳለች፣ በየትዕይንቱ ልብስ ትቀይራለች። እኔ እስካየሁት ድረስ ለውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በፕሬፌክቱር በር ላይ ቆማ የመታወቂያ ወረፋ የጠበቀችበት ክፍል የለም። የምትኖርበት ቤትና አጠገቡ ያለው ዳቦ ቤት የተቀረጹት ኤስትራፓድ አደባባይ ነው። ዛሬ አደባባዩን ለማየት የሚመጡት ወጣቶች ዳቦ ቤቱ ፊት ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። የዳቦውን ጣዕም የጠየቀ እንደሆነ መልሱን አላውቅም፤ ማጀት ድረስ የሚመጣው የእኛው ብቻ ነው።

ከዚያ አደባባይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቁልቁል ሲወረድ ካርዲናል ለሙዋን ጎዳና፣ ቁጥር 74 ይገኛል። ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1921 መጨረሻ ፓሪስ ገብቶ ከሚስቱ ጋር የተከራየው እዚያ ነው። ሙቅ ውኃ አልነበረውም፤ መጸዳጃ ቤቱም ደረጃው ላይ ነበር። ወይዘሪት ኤክስፓትና ጓደኞቿ በሩ ላይ ቆመው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እንዴት ያለ ኑሮ! እንዴት ያለ ውበት! ይኸው ሁኔታ ያለበት፣ ዘጠኝ ሆነን የምንኖርበት ክፍል እኛ ሰፈርም አለ፤ ግን እስካሁን አስጎብኚ አልመጣልንም። ድህነት መቶ ዓመት ሲቆይ እንደ ወይን ይጣፍጣል፤ የዘንድሮው ግን ፖሊስ ያስጠራል።

ሽርሽሩም መርሐ ግብር አለው። ፖን ዴዛር ድልድይ ላይ የፍቅር ቁልፍ መቆለፍ ለብዙ ዓመት ግዴታ ነበር፤ በ2014 የድልድዩ አጥር በክብደቱ ከፊሉ ወደቀና ከተማዋ በቀጣዩ ዓመት ሁሉንም አነሣችው። የተነሣው 45 ቶን ያህል ነበር። እንዲህ የሚመዝን ፍቅር ከዚያ ወዲህ አልተሰማም። ዝናብ የጣለ እንደሆነ ደግሞ ሙዚየም ይገባል። አንድ እሑድ ወይዘሪት ኤክስፓት ኬ ብራንሊ ሙዚየም ደርሳ ተመለሰችና ለአስተናጋጁ የጎንደር ሥዕል ፎቶ ስታሳየው በመስኮቴ አየሁ። ዓይኑ ትልልቅ የሆነውን የእኛን ሥዕል የማያውቅ የለም። ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ ተልእኮ ከ1931 እስከ 1933 ባደረገው ጉዞ ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ፣ በቦታቸው ቅጂ ሰቅሎ ወደ ፓሪስ አመጣቸው። ቅዱሳኑ ያለ ቪዛ ገብተው ይኸው ዘጠና ዓመት ኖሩ፤ አንድም ቀን ወረቀት የጠየቃቸው የለም። እኛ አሻራ ጣሊያን ሰጥታችኋል ተብለን ስንመለስ እነሱ ብርሃን ተመጥኖላቸው፣ ሙቀት ተለክቶላቸው ይኖራሉ። ሐበሻ ሆኖ ፈረንሳይ መግባት የፈለገ መጀመሪያ ሥዕል ይሁን።

አሁን ደግሞ ስለ መከራዋ ልንገራችሁ። ሰው ለቅሶ ቤት ሆኖ የሌላውን ለቅሶ መናቅ የለበትም። ፈረንሳይ ውስጥ እሑድ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ የዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ለዕረፍት ይሄዳል። ባቡሩ ሥራ ያቆማል። መጠጥ ውስጥ የሚገባው በረዶ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው። ክፍሏ ማቀዝቀዣ መሣሪያ የለውም። «ቦንዡር» ሳይሉ «አንድ ቡና» ያሉ እንደሆነ አስተናጋጁ እንዳልሰማ ያልፋል። ወይዘሪት ኤክስፓት ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች፤ ጽናቷንም ለወዳጆቿ በቪዲዮ ትተርካለች። «ፈረንሳይ ትዕግሥት አስተማረችኝ» የሚለው ንግግሯ በረንዳው ላይ ተቀርጾ ስለነበር በሦስት ሙከራ ሰምቼዋለሁ። በሦስተኛው እንባ መጣላት። እኔም መጣልኝ፤ ሽንኩርት እየተከተፈ ነበር።

ቁጥሩን እንይ፤ ቁጥር አይሸሙርም። አሜሪካዊ ያለ ቪዛ ለ90 ቀን ገብቶ ይሸራሸራል። ከወደደው በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ እያስተማረ የሚቆይበት ፕሮግራም አለ፤ ሰባት ወር፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ማመልከቻ ካስገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም። መጠለያ የተሰጠው ብቸኛ አዋቂ በቀን 6 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ይቆረጥለታል። የወይዘሪት ኤክስፓት የጠዋት ሒሳብ ከዚህ ይበልጣል፤ ከዚያ ውስጥ የተበላው አንድ ጉርሻ ነው። እንዲያም ሆኖ ቴሌቪዥኑ የሚጠይቀው ያን 6.80 የሚበላውን ነው፦ «ወደ እኛ ኑሮ ይገባል ወይ? ባህላችንንስ ያከብራል ወይ?» እንግሊዝኛ ብቻ ስታወራ ሁለት ዓመት የሞላትን አንድም ሰው አልጠየቃትም።

ሁሉም አሜሪካዊ ግን መልአኩ ፊት እኩል አልነበረም። ጄምስ ባልድዊን በ1948 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ሲገባ የ24 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበር፤ ኪሱ ውስጥ 40 ዶላር ነበረው። በታኅሣሥ 1949 አንድ የሚያውቀው ሰው ከሆቴል ይዞት በመጣ አንሶላ ምክንያት ተያዘና ስምንት ቀን ታሰረ። ገናን ያሳለፈው እስር ቤት ነው። ክሱ በመጨረሻ ተሰረዘ፤ እሱም ነገሩን በ1955 በወጣ ድርሰቱ ጻፈው። ፖስት ካርድ ላይ የማይገባውን ፈረንሳይ ያየ አሜሪካዊ እሱ ነው። የሄሚንግዌይን በር የሚሳለሙት ወጣቶች የአንሶላውን ፍርድ ቤት ሲፈልጉ አላየሁም። ፎቶ ላይ አይወጣም መሰለኝ።

ባለፈው ዓመት አድራሻ ልቀይር ፕሬፌክቱር ሄድኩ። ቀጠሮ ነበረኝ፤ ቀጠሮ ማለት በሰዓቱ ተገኝተው ለመጠበቅ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ከፊቴ አንዲት አሜሪካዊት ወጣት ቆማለች፤ ሰነዶቿ በቀለም ተለይተው ተደርድረዋል። ዘወር ብላ በፈረንሳይኛ አናገረችኝ።

«ስንት ሰዓት ቆምክ?»

«ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! እንደ ስደተኛ እኮ ነው የሚያንገላቱን!»

«በእውነት ነውር ነው» አልኳት። እጄ ላይ ያለውን ካርድ አየችው።

«ያንተ የስንት ዓመት ነው?»

«የዐሥር።»

«የዐሥር! የእኔኮ የአንድ ብቻ ነው። እንዴት አገኘኸው? ጠበቃ ይዘህ ነው?»

«አይደለም። በሊቢያ በኩል መጥቼ ነው።»

ፀጥ አለች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ከቦርሳዋ ግማሽ ባጌት አወጣችና ለሁለት ቆርሳ አንዱን ዘረጋችልኝ። ይህን ብደብቅ ሽሙጤ ውሸት ይሆናል። ቆመን በላን፤ ደረቅ ነበር፤ ስልክ ያወጣ ሰው አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም።

ስለዚህ ነገሬ ከልጅቷ ጋር አይደለም። ከፎቶው ጋርም ቢሆን መጣላት አልችልም፤ በእኛም ሞልቷል። ፖርት ደ ላ ሻፔል ድልድይ ሥር ድንኳን ውስጥ ያደርን ጊዜ አንድ ጓደኛችን ደህና ጃኬት ነበረው። ጃኬቱን በየተራ እየለበስን ኤፍል ማማ ሥር ሄደን ተነሣን፤ ስድስት ሰው፣ አንድ ጃኬት። እናቴ ፎቶውን አሠርታ ሳሎን ሰቅላዋለች። ጎረቤት ሲመጣ «ልጄ ፓሪስ ነው» ትላለች። ወይዘሪት ኤክስፓት የምትዋሸው ለማማር ነው፤ እኛ የዋሸነው እናት እንድትተኛ ነው። ሁለቱም ፎቶ ላይ ማማው ያው ነው።

የምጣላው ከመልአኩ ጋር ነው፤ ስሙን ከሚያወጣው ጋር። ቦሌ ላይም አውቀዋለሁ፦ እዚያም የውጭ አገር ሰው ሆኖ ደመወዙ በዶላር የሆነው «ኤክስፓት» ነው፤ ከድንበር ማዶ በእግሩ የመጣው ስደተኛ። እኛም ቃሉን ሳናኝክ ዋጥነው። አንባቢዬ፣ አንተም ነገ ልጅህ በስኮላርሺፕ ሲሄድ «ውጭ ሄደ» ትላለህ፤ የጎረቤትህ ልጅ በሱዳን በኩል ሲወጣ ደግሞ «ተሰደደ» ትላለህ። መልአኩ በአንተም አፍ ይናገራል።

የፈረንሳይ ሕግ ከመልአኩም ከእኛም ቁጥብ ነው። የሚመለከተን መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «የውጭ አገር ሰዎች አገባብና ቆይታ፣ እንዲሁም የጥገኝነት መብት ሕግ» ነው። ርዕሱ ውስጥ ኤክስፓት የሚባል ፍጡር የለም። ያን ቀን ባጌት ተካፍለን በቆምንበት ወረፋ፣ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ለእሷም ለእኔም አንድ ቃል ነበር፦ «ኤትራንዤ»፣ የውጭ አገር ሰው።