ሶኬት የሌለው ዜማ
ኒኮላውስ ሃርኖንኩርት እ.ኤ.አ. በ1953 በቪየና ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ሲያቋቁም ዓላማው የባሮክ ዘመንን ዜማ በዘመኑ መሣሪያ፣ በአንጀት ጅማት ሳይቀር ማሰማት ነበር። ፈረንጅ ሙዚየም በርብሮ የሚያገኘውን እኛ ከቤታችን አላጣነውም፤ አሥር አውታሩ በገና ዛሬም ይደረደራል። ቦሌ ግን ሥልጣኔ እንዳያመልጣት በባህል ምግብ ቤቶቿ ክራሩን ከሶኬት ጋር አጋብታዋለች። «በጥብሱ ጭስና በእስክስታው ሁካታ መካከል ያለ ማጉያ ማን ይሰማዋል?» ይባላል። እውነት ነው፤ አዳራሹን ዝም ከማሰኘት ክራሩን ማስጮህ ይቀላል። በገናማ ብልሃቱን ይዞ ነው የተወለደው፦ በርኩማው ላይ፣ ከጅማቱ ሥር የምትሸጎጠው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ድምፁን ነዛሪ ታደርገዋለች። ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፤ ይህ ለቦሌ ትንሽ ነገር አይደለም።