ባለ ቀለም መብራት በከባድ መኪና ጋቢና፦ የዶራሌ ወረፋ እንደ ማሳያ

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ዶራሌ ወደቦች በሚወስደው መንገድና ሾፌሮች በሚያድሩበት በፒኬ 12 ዙሪያ፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚታይ አንድ ክስተት አለ። ተራቸውን የሚጠብቁ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች አንድ በአንድ መብራት ይጀምራሉ። የሚበራው የፊት መብራት አይደለም፤ ወዴትም የሚሄድ የለምና። የሚበራው ጋቢናው ነው፦ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ገንዘብ የጨመረ ደግሞ ሁሉንም በየተራ የሚያሯሩጥ። ሊቃውንት ስለ ወደቡ ኪራይ፣ ስለ ባሕር በርና ስለ ቀይ ባሕር ፖለቲካ ብዙ ጽፈዋል። ወደቡ ደጃፍ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚብለጨለጨውን ነገር ግን እንዳላየ አልፈውታል። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው። ዘዴውም ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ማየት ነው።

ጋቢናው በጉዞ ላይ የሾፌሩ ቤት ነውና፣ በቅድሚያ የቃል ፍቺ። አሜሪካውያን በመኪና የሚጎተት ወይም ራሱ የሚነዳ ቤት አላቸው፤ ካምፐር ይሉታል። በበጋ ቤተሰቡን ጭነው ሐይቅ ዳር ወይም ጫካ ውስጥ ይሰፍሩና ቤቱን በባለ ቀለም አምፖል ይሸልሙታል። ነገሩ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1959 ዋሊ ባያም የተባለው የኤርስትሪም ፋብሪካ መሥራች 41 ብርማ ተጎታች ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ አልፏል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለውታል። ሰው በገዛ ገንዘቡ፣ ያለ ምንም ጭነት፣ ቤቱን በመኪና እየጎተተ አህጉር እንደሚያቋርጥ አገሩ ያየው ያኔ ነው። ኢትዮጵያዊው ሾፌር ይህንኑ ሥራ አበል እየተቆረጠለት ይሠራል፤ ልዩነቱ ከበስተኋላው የሚጎትተው ማዳበሪያ ወይም የሰው ዕቃ የሞላበት ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር መሆኑ ብቻ ነው።

«ካምፕ» የሚለው ቃልም በጅቡቲ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካምፕ ሌሞኒዬ አላት። ቻይና እ.ኤ.አ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ እዚያው ዶራሌ ጎን የጦር ሰፈር ከፍታለች። ፈረንሳይና ጃፓንም አላቸው። በዚህች ትንሽ አገር ከሰፈሩት ሁሉ መሣሪያ ሳይዝ፣ ቡታጋዝና ጀበና ይዞ፣ ያለበትንም ቦታ ከሩቅ እንዲታይ በሰማያዊ መብራት አሳውቆ የሚያድረው የኢትዮጵያ ሾፌር ብቻ ነው። ወታደራዊ ምስጢር ለማያውቅ ሰፋሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የሾፌሮቹ ሰፈር እንዴት ተመሠረተ? እ.ኤ.አ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዶራሌ የኮንቴይነር ወደቡን በ2009፣ ሁለገብ ወደቡን በ2017 ከፈተ። ባቡሩም በ2018 የንግድ ሥራውን ጀመረ፤ ያኔ «ከእንግዲህ ሾፌር ምን ይሠራል?» ያለ ብዙ ነበር። ሾፌሩ መልሱን አልተናገረም፤ መብራት ጨመረ።

የጋቢና ሽልማት ታሪክ ከአምፖል ይቀድማል። ሥራው ራሱ ከጣልያን የተወረሰ ለመሆኑ ቋንቋው ይመሰክራል፦ ጋቢና፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ስፖንዳ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። ሰው ኤንትሬ ብሎ በጠራው ፊያት 682 ኤን3 ዘመን አሰብ የሚመላለሰው ሾፌር በመስተዋቱ ዙሪያ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ይሰቅል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያቆም፣ ከበላዩ እንደ ሃይማኖቱ የእመቤታችንን ሥዕል ወይም «ማሻአላህ» የሚል ጽሑፍ ያደርግ ነበር። መብራት ከተባለ በሥዕሉ አጠገብ የምትበራ አንዲት ቀይ አምፖል ናት። የእሷ አገልግሎት ግልጽ ስለሆነ ጥናት አያስፈልጋትም።

ችግሩ የመጣው ከኤልኢዲ ጋር ነው። እዚህ ላይ የፊዚክስ ታሪክ ያልተጠበቀ ነገር ይገልጣል። ኒክ ሆሎኒያክ ዓይን የሚያየውን የመጀመሪያ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ በ1962 ሲሠራ ቀለሙ ቀይ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ቢጫና አረንጓዴ ተከተሉ። ከዚያ ነገሩ ቆመ፤ ደማቅ ሰማያዊ አልገኝ ብሎ የዓለም ላቦራቶሪዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ደከሙ። በሌላ አነጋገር፣ የሰው ልጅ ኤሌክትሮኒክስ ያን ሁሉ ዘመን የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሦስት ቀለማት እንጂ ሌላ ማብራት አይችልም ነበር። የጅቡቲ ሰንደቅ ዓላማ ደግሞ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ነጭ ሆኖ ቀይ ኮከብ አለበት። ሰማያዊው ከሌለ ነጩም የለም፤ ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው ከሰማያዊ ነውና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናውያኑ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ሰማያዊውን አገኙ፤ በ2014ም የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። የሽልማት ኮሚቴው በመግለጫው ስለ ኃይል ቁጠባ ተናገረ። በጋላፊ በኩል ድንበር ለሚሻገር ጋቢና ስለተገኘው ዲፕሎማሲያዊ ጥቅም ግን አላነሣም።

ዛሬ መብራቱ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በጥቅልል ይገዛል። ጥቅልሉ 5 ሜትር ነው። ከኋላው ማጣበቂያ አለው። የጋቢናው ስፋት 2 ሜትር ተኩል ስለማይሞላ አንዱ ጥቅል የጣሪያውን ፊት ለፊት ከዳር እስከ ዳር ይዞ ይተርፋል፤ የተረፈውን መቁረጥ ያሳዝናል፤ ስለዚህ አልጋው ሥር ይገባል። አልጋው ከበራ በሩ ይጨልማል፤ ለበሩ ሌላ ጥቅል ይገዛል። የሁለተኛውም ትራፊ አይጣልም። አንዳንድ ጋቢና ከበቂ በላይ የደመቀው ባለቤቱ ብልጭልጭ ስለሚወድ ሳይሆን ቆጣቢ ስለሆነ ነው የሚል አስተያየት አለ፤ አስተያየቱ የሾፌሮቹ ነው።

መብራቱ ለምን ይጠቅማል? አንደኛው መላምት ደኅንነት ነው። ነገር ግን የቆመ መኪና በተሰለፉ የቆሙ መኪኖች መሃል ማን ይጋጨዋል? ሁለተኛው መታወቂያ ነው። አንድ ማኅበር ወይም ድርጅት አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ቀለም በአንዴ ያስገባል። ፒኬ 12 ራት በልቶ የሚመለስ ሰው ከብዙ ተመሳሳይ ግንባሮች መሃል የራሱን መለየት አለበት፤ «ሰማያዊዋ የኔ ናት» ማለት ይቀለዋል። መላምቱ ሁሉም ሰማያዊ እስኪገጥሙ ድረስ ሠርቷል።

ሦስተኛው፣ ለእንቅልፍ ምቾት ነው የሚለው፣ መነሣት ያለበት ለመጣል ብቻ ነው። ሰማያዊ ብርሃን እንቅልፍ እንደሚያባርር የታወቀ ነው። የእሳት ራት ከቢጫ ይልቅ እሱን መምረጧም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን ሾፌሩ እዚያ አይተኛም። በሐምሌ ጅቡቲ ቀኑን ከ40 ዲግሪ በላይ ትሆናለች፤ ሌሊቱም ከ30 እምብዛም አይወርድም። ጋቢናው የተቀመጠው ሞተር ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋል። ስለዚህ ሾፌርና ረዳት ምንጣፋቸውን ይዘው ወይ ከተሳቢው ሥር ይገባሉ፣ ወይ ሽቅብ ጭነቱ ላይ ይወጣሉ። የጥናቱ ዋና ግኝት ይኸው ነው፦ በዶራሌ ሌሊቱን የሚያበራው ጋቢና ባዶ ነው። ባለቤቶቹ መሬት ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ተኝተዋል።

የውጭ ሰው ይህን እንቆቅልሽ ሊፈታው አይችልም። ጃፓን ውስጥ ዴኮቶራ የሚባሉ፣ እንደ ከተማ አደባባይ የሚያበሩ የጭነት መኪኖች አሉ፤ እ.ኤ.አ ከ1975 እስከ 1979 አሥር ተከታታይ ፊልም ተሠርቶላቸው አገር አብዷል። ፓኪስታኖች መኪናቸውን ከጎማ እስከ ጣሪያ በአበባና በአንበሳ ይሥላሉ። ሁለቱም የሚያጌጡት በዋነኛነት ውጭውን፣ ለሚያይ ነው። ኢትዮጵያዊው ያጌጠው ውስጡን ነው፤ ከዚያም ወጥቶ ተኛ።

መልሱ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ቤት ብፌ የሚባል ዕቃ አለ። መስተዋት አለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱ መብራት አለው፤ ውስጡ ስድስት ስድስት ሆነው የተደረደሩ ብርጭቆዎች አሉ። በእነዚያ ብርጭቆዎች የጠጣ ሰው የለም። ቤተሰቡ በላስቲክ ኩባያ ይጠጣል፤ ልጅ ብፌውን ከነካ ይቆነጠጣል። አንድ ቤት ቤት መሆኑ የሚታወቀው ግን በኩባያው አይደለም። የዶራሌው ጋቢናም በዚህ ሚዛን ሲታይ አልጋ ቤት መሆኑ ይቀርና ብፌ ይሆናል። የመቀመጫው ላስቲክ ከፋብሪካ እንደመጣ ያልተላጠበት ምክንያትም አብሮ ይፈታል። መኪናው የሌላ ሰው፣ ጭነቱ የሌላ ሰው፣ መሬቱ የሌላ አገር ነው፤ መጋረጃው፣ አበባውና መብራቱ ግን የሾፌሩ ናቸው። መኪና ሲቀይር ሁሉንም ነቅሎ ይዞ ይሄዳል፤ ማጣበቂያው ብቻ ይቀራል።

ስለ ኃይል አቅርቦት ጥቂት። ከባድ መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥሎ በ24 ቮልት ይሠራል። በሜትር 14 ዋት ገደማ የሚበላ ጥቅልል በ5 ሜትሩ 70 ዋት ይደርሳል፤ ይህም 3 አምፔር ያህል ነው። አሥር ሰዓት ቢበራ 30 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 180 አምፔር ሰዓት ባለው ጤነኛ ባትሪ ላይ ይህ ስድስተኛው እጅ ነው፤ ችግር የለውም። ጥቅልሎቹ ሦስት ሲሆኑ፣ ባትሪውም አርጅቶ ሳለ አዲስ ነው ሲባል፣ ስልክና ቬንትሌተርም ሲጨመርበት ግን ሒሳቡ ወደ ጸሎት ይጠጋል።

በጎን መታወስ ያለበት ነገር አለ። ከድሬዳዋ የተነሣው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር 283 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያርፈው እዚያው ፒኬ 12 ባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያን መብራት ለጅቡቲ ያቀብላል። ሾፌሩ ከተኛበት ሆኖ አሻግሮ የሚያየው የከተማው ብርሃን ከፊሉ በገመድ የመጣ የአገሩ ብርሃን ነው። እሱ ያመጣው በጎማ ነው፤ በወጪ ንግድ መዝገብ የሚገባው ግን የገመዱ ብቻ ነው።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከተሳቢው ሥር አንዳንዴ የሚሰማ ምልልስ አለ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ላጥፋው?» ይላል።

«ተወው፣ ይብራ።»

«ባትሪው…»

«አዲስ ነው አልኩህ እኮ።»

ጧት ወረፋው ሲንቀሳቀስ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ አንዴ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ከኋላ ያለው ክላክስ ይነፋል። ረዳቱ ምንም ሳይናገር (እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል) ከጎን መኪና የባትሪ ገመድ ለምኖ ያመጣል፣ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኛል። ሞተሩ ገና አልተነሣም። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰማያዊው ቦግ ይላል፤ ቀዩ ይከተላል፤ አረንጓዴው ተራውን ይጠብቃል።