ጆሮ በጉልበት አይከፈትም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የባዳነቱ ልክ የሚታወቀው ሰው ያለ አየር ሲሊንደር፣ ትንፋሹን ብቻ ይዞ ቁልቁል ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ ነው። ብዙ ሰው የዚህ ስፖርት ጣጣ ያለው ሳንባ ላይ ይመስለዋል፤ ጀማሪውም ትንፋሽ መያዝ ሲለማመድ ይከርማል። ውሃው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሜትር እንደወረደ ግን፣ ሳንባው ገና ምንም ሳይሰማው ጆሮው አሻፈረኝ ይላል። የጠለቃ አዛዡ ጆሮ ነው፤ ይህ አዛዥ ደግሞ በልመና እንጂ በጉልበት እሺ አይልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የውሃ ግፊት በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ይጨምራል። ላይ 1 የነበረው 10 ሜትር ላይ 2 ስለሚሆን፣ ከታምቡር ጀርባ ያለው አየር በግማሽ ሊኮማተር ይፈልጋል። ከ10 ወደ 20 ሜትር ሲወረድ ግን ጭማሪው ከ2 ወደ 3 ብቻ ነው። ጆሮን አብዝቶ የሚፈትነው እንግዲህ ከጥልቁ ይልቅ ደጃፉ ነው። ደገኛው አንባቢ «እኔን ምን አገባኝ?» ቢል አያመልጥም፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ተነስቶ ጅቡቲ የወረደ መንገደኛ፣ ክራቫቱ ሳይረጥብ፣ ጆሮው 2 ሜትር ተኩል ገደማ የመጥለቅን ያህል የግፊት ለውጥ ቀምሷል።

«ከታምቡር ወዲያና ወዲህ ያለውን ግፊት ለማመጣጠን አፍንጫን ይዞ ጠንከር አድርጎ መንፋት አይበቃም?» የሚል አይጠፋም። ይህ በጣሊያናዊው የአካል ሊቅ በቫልሳልቫ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ ያገለግላል። ጠላቂ ግን የሚወርደው ዘቅዝቆ ነው፤ በጠለቀ ቁጥርም ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ስለሚኮማተር ደረቱ የሚገፋው ያጣል። በዚያ ላይ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚወስደው ቱቦ አፉ ለስላሳ ነው፤ ግፊቱ አንዴ ካየለበት ተጣብቆ ይቀራል፣ ቢነፉትም አይሰማ። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሬንዝል ለተዋጊ አብራሪዎች ያስተማረው ዘዴ ግን ደረትን ከጨዋታ ያወጣል፦ የድምፅ አውታሮችን ዘግቶ፣ አፍ ውስጥ ያለውን አየር በምላስ ወደ ላይ መግፋት ነው።

በዚህስ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ስንል የድምፅ አውታራችንን ዘግተን፣ አፋችን ውስጥ የታፈነውን አየር ጨምቀን ነው የምናፈነዳው። «እንግዲያው ሁላችንም ሳንማር ጠላቂዎች ነን» ለሚል ግን፣ ትምህርቱ ገና ግማሽ ነው። እነዚህን ድምፆች ስናወጣ ለስላሳው ላንቃ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል፣ አየሩም በአፍ ይወጣል። ጠላቂው ግን አፉን ገጥሞ፣ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ፣ ያንን መንገድ ክፍት መተው አለበት።

የቀረው ተቃውሞ የጀግናው ነው፦ «ወንድ ልጅ ሕመም ይችላል»። ይቻል፤ ታምቡር ግን ጀግንነት አያውቅም። ከተቀደደ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባና ጭንቅላት ይዞራል፣ አቅጣጫም ይጠፋል። ስለዚህ ሕመም ሳይመጣ ደጋግሞ ማመጣጠን፣ እምቢ ካለ ትንሽ ወደ ላይ ተመልሶ መሞከር፣ አሁንም እምቢ ካለ ወጥቶ ልብስ መልበስ ይሻላል። ላይና ታቹን ያልለየ ጀግና ለፉከራም አይመችም።